ዛፍ ሽቦ እየነካ መብራት ይቆራረጣል፣ ከሥሩ ያለው ሣርም ደርቋል፤ ራሳችን እንቁረጠው?

የጓሮዋ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከጓሯችን ጀርባ ሦስት ሽቦ የተሸከመ ምሰሶ አለ። አጠገቡ የበቀለው ባሕር ዛፍ ጫፉ ሽቦው ላይ ደርሷል። ነፋስ በመጣ ቁጥር መብራት ጠፋ መለስ፣ ጠፋ መለስ ይላል። ትናንት ማታ ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ፤ ጠዋት ስመለከት ሽቦው አጠገብ ያሉት ቅጠሎች ጫፋቸው ተለብልቧል። ከሥሩ ያለው ሣር ደርቆ ክብሪት ነው የሚጠብቀው። ለመብራት ኃይል ሁለት ጊዜ አመለከትኩ፣ "ተመዝግቧል" ከማለት በቀር የመጣ የለም። ጎረቤታችን "ደረቅ ቀርከሃ ጫፍ ላይ ማጭድ አስረን እንጎትተው፣ እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም" ይላል። ምን ትላላችሁ?

መስመር ላይ የኖረ
እህቴ፣ ማጭዱ ባለበት ይቀመጥ። ምሰሶ አናት ላይ ያሉት ሦስት ሽቦዎች ብዙ ጊዜ 11፣ 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት የሚሸከሙ ናቸው፣ አብዛኞቹም ራቁታቸውን ናቸው። በዚያ ቮልቴጅ ቀርከሃ ላይ ያለ እርጥበትና አቧራ ሰው ለመግደል ይበቃል። ማጭዱ ብረት ነው፤ ዛፉ ራሱ ውሃ የተሞላ ነው። ቅርንጫፉ ሲወድቅ ሁለቱን ሽቦ ካጋጨ ደግሞ የቀለጠ ብረት ሣሩ ላይ ይረግፋል። እሳት ልትከላከሉ ወጥታችሁ ራሳችሁ ትለኩሱታላችሁ።

ጠፋ መለስ የሚለው በብዙ መስመር ላይ ችግር ሲያይ ራሱ ቆርጦ ከአፍታ በኋላ ራሱ መልሶ የሚሞክር መሣሪያ ስላለ ነው። ወፍ ነክታ ከሄደች ጥሩ ነው፣ መብራቱ ይመለሳል። ቅርንጫፉ እዚያው ካለ ግን እያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ብልጭታ ነው።

ስታመለክቺ "መብራት ይቆራረጣል" አትበይ፤ ሁሉም ሰው የሚለው እሱን ነው። "ዛፍ መስመር ነክቷል፣ እሳት ይረጫል፣ ሥሩ ደረቅ ሣር ነው" በይ። ምሰሶው ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ ብልጭታውን ያየሽበትን ሰዓት፣ የተለበለበውን ቅጠል ከርቀት ያነሳሽውን ፎቶ ጨምሪበት። እሳት ከተነሳ ግን ማመልከቻ የለም፤ በቀጥታ ወደ እሳት አደጋ ነው የሚደወለው።

ቅጠልና ሥር
ላይ ያለው የመብራት ኃይል ሥራ ነው፣ መሬቱ ግን ያንቺ ነው። ምሰሶው ላይ ሲቃጠል ተገልብጦ የሚንጠለጠል ቱቦ መሰል ፊውዝ አለ? ያ ፊውዝ ሲበጠስ የጋለ ብረት ወደ ታች ይተፋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለእሳት በተጋለጠ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ዕቃ የተሸከመ ምሰሶ ዙሪያውን 3 ሜትር ያህል እንዲጸዳ ሕግ ያስገድዳል። አንቺም ነፋስ በሌለበት ቀን ሣሩን አጭደሽ አርቂ፣ የማገዶ ክምር ካለም አንሺ። በእሳት የሚያጸዳ ሰው አይቻለሁ፤ አደራ!

ባሕር ዛፍ ላይ የሚረሳው ቅርፊቱ ነው። ተልጦ እንደ ጨርቅ ይንጠለጠላል፣ ነፋስ ወስዶ ሽቦ ላይ ይጥለዋል፤ ከነደደ ደግሞ ርቆ በርሮ ሌላ ቦታ እሳት ያስነሳል።

አልደናገጥም
አጋነናችሁት። እኛ ጋ በዛፉና በሽቦው መካከል አንድ ክንድ ክፍተት አለ፣ ስንት ዓመት ምንም አልሆነም።

መስመር ላይ የኖረ
ክፍተቱን ያየኸው በስንት ሰዓት ነው? ሽቦ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲረዝም ይረግባል። ጠዋት ሽቅብ ያየኸው ሽቦ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩም የሰው ፍጆታም ሲበረታ፣ ወርዶ ታገኘዋለህ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 ኦሃዮ ውስጥ ከባድ መስመሮች እንዲሁ ረግበው ዛፍ ነኩ፤ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ማስጠንቀቂያም በዚያው ቀን ተበላሽቶ ነበር። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት ጠፋበት። አንድ ክንድ ደግሞ ለነፋስ ምንም አይደለም።

ሁሉም ነገር ዛፍ ነው ማለቴም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓራዳይዝ የምትባለውን ከተማ ያወደመው፣ 85 ሰው የገደለው እሳት የተነሳው ሽቦ የተንጠለጠለበት አሮጌ የብረት ማንጠልጠያ ተበልቶ ስለተሰበረ ነው። ስለዚህ ያዘመመ ምሰሶ፣ የተሰነጠቀ ሲኒ (ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ሸክላ መሰል ዕቃ)፣ የተበጣጠሰ ሽቦ ካያችሁም ጠቁሙ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በደረቅ ወቅት ያንን ራሱ የሚሞክር መሣሪያ እንዳይሞክር ማድረግ በአንዳንድ አገር የተለመደ ነው። ያኔ መብራት ከጠፋ ሠራተኛ መስመሩን ተከትሎ በዓይኑ ሳያይ አይመለስም፤ ሰዓታት ይፈጃል። ያናድዳል፣ ግን ከእሳቱ ይሻላል።

እናት ነኝ
ሽቦው ተበጥሶ ቢወድቅስ? ልጆች ጓሮ ይጫወታሉ።

መስመር ላይ የኖረ
ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፣ እንስሳም አይጠጋ። ብልጭታ ስለሌለው "ሞቷል" እንዳትይ። ደረቅ መሬት ከረንት በደንብ ስለማያሳልፍ ፊውዙ ሳይበጠስ ሽቦው ዝም ብሎ ሊተኛ ይችላል፣ ሙሉ ኃይል ይዞ። አጠገቡ ከተገኘሽ መሮጥ የለም፤ ሁለቱን እግር ገጥመሽ፣ ሳታነሺ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየጎተትሽ ራቂ። በሁለት እግር መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ነው የሚመታው።

የጓሮዋ ልጅ (ጠያቂ)
የምሰሶውን ቁጥርና ፎቶውን ከላክሁ በኋላ በሁለተኛው ቀን መጡ። መስመሩን አጥፍተው ነው የቆረጡት። ሽቦው የነካው ቅርንጫፍ ላይ ጣት የሚያስገባ ጥቁር ቦይ ተቃጥሎበታል፤ አስቀምጬዋለሁ። ጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ በየጊዜው እንድጠቁም ነግረውኛል። ጎረቤታችን ማጭዱን ከቀርከሃው ፈትቶ ምሰሶው ሥር ያለውን ሣር እያጨደበት ነው።