«ጥያቄ ያለው?» ሲባል ክፍሉ ጭጭ ይላል

ጠመኔ፦
7ኛ ክፍል፣ ሳይንስ፣ 60 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ። «ገባችሁ?» ሲባሉ «አዎ!» በአንድ ድምፅ፤ «ጥያቄ ያለው?» ሲባሉ ጭጭ። ፈተና ላይ ግን ጉዱ ይታያል። ቤተ ሙከራ የለም። ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መልስ የሚፈልጉበት፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ምን አላችሁ?

ክርና ድንጋይ፦
መምህር፣ «ገባችሁ?»ን ይተዉት፤ ከ«አዎ» ሌላ መውጫ የለውም። ፔንዱለም (በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ድንጋይ) ያሠሯቸው። ስድስት ስድስት አድርገው ይከፋፍሏቸው፤ ለየቡድኑ ክር፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ድንጋይ፣ ማስመሪያ። ከፊት አንዱን ያወዛውዙና «ምን ብንቀይር ይፈጥናል?» ብለው ይጠይቁ። «ድንጋዩ ቢከብድ» የሚል አይጠፋም። እንዳያርሙት! የተባለውን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፤ ክሩ ቢያጥር፣ ከራቀ ቢለቀቅ፣ ሌላም። ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን አንዱን ብቻ ይሞክር፣ ሌላው ሁሉ ሳይነካ።

10 ደርሶ መልስ ሲቆጠር 1 ሜትር ክር ላይ 20 ሰከንድ ገደማ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ 10 ይመጣል። 50 ላይ ግን 14 ነው። «ክሩን በግማሽ አሳጥረነው ጊዜው ለምን በግማሽ አልቀነሰም?» የምትለዋ ጥያቄ ከተማሪ አፍ የምትወጣው እዚህ ላይ ነው። ለመልሷ አይቸኩሉ፣ ለነገ ትደር።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ርዝመቱ ነው። እስከ ቋጠሮው ብቻ ከለኩ፣ የትልቁ ድንጋይ መሃል ዝቅ ስለሚል የዘገየው በክብደቱ ይመስላቸዋል። ከማንጠልጠያው እስከ ድንጋዩ መሃል ይለካ። አንድ ደርሶ መልስ ብቻ መያዝም አይሆንም፤ የጣት መዘግየት ልዩነቱን ይውጠዋል።

የኋላ ወንበር፦
ዝምታውንም ይጨምሩበት። አሜሪካዊቷ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ጥናት፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ገደማ ነበር፤ 3 እና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሶቹ ረዘሙ፣ ተማሪዎቹም መጠየቅ አበዙ። በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ፤ ሲሞክሩት ዘላለም ይመስላል። ደግሞ እጅ ከማውጣታቸው በፊት ሁሉም በ2 ደቂቃ ጥያቄውን ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ያለ ስም። አፍ የሚያስይዛቸው የጓደኛ ሳቅ ነውና። ማርክ ግን እንዳይሰጡበት፤ ከመጽሐፉ ገልብጠው ያመጡልዎታል።

ጠመኔ፦
ጥሩ። ግን ለ10 ቡድን 10 የእጅ ሰዓት ከየት ይመጣል?

ክርና ድንጋይ፦
አንድ ስልክ ይበቃል። እርስዎ «ልቀቁ!» ብለው 40 ሰከንድ ይያዙ፣ እነሱ ደርሶ መልሱን ይቁጠሩ። 1 ሜትሩ 20፣ ባለ 50ው 28፣ ባለ 25ቱ 40። ገና ሲለቅ «አንድ» ብሎ የሚጀምር ቡድን አንድ ይተርፈዋል፤ ሲለቁ «ዜሮ» ያስብሏቸው።