«ዱላ ድምፅ የለውም» ለተባለው

ሦስተኛ ወንበር፦
ትናንት እዚሁ «የኦርኬስትራ መሪ ዱላ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ለሌለው ነገር የምን ትምህርት ነው?» ተብሎ ተጻፈ። መነሻው ወጣቱ መሪ ክላውስ ማኬላ 2024 ላይ በ28 ዓመቱ ለቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪነት መመረጡ ነው። በዕድሜው እንከራከር፣ ግድ የለም። ሙያውን እንዲህ ማራከስ ግን አንጀቴን አሳረረው። ሃያ መስመር ኖታ ባንድ ዓይን ማንበብ ቀልድ ነው እንዴ? ክላሪኔቱ የተጻፈለትን ዶ ሲነፋ የሚሰማው ሲ ቤሞል (ከሲ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው) ነው፣ ሆርኑ ዶ ሲነፋ ፋ ነው። መሪው ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ እያዛወረ ነው የሚሰማው።

ቲምፓኒ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ዝነኛው መሪ ቶስካኒኒ በ1886 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ የ19 ዓመት ቼሎ ተጫዋች ነበር። ከመሪዎቹ ጋር ጠብ ተነስቶ አዳራሹ ሲንጫጫ ከወንበሩ ተነሳና «አይዳ» የተባለውን ኦፔራ በቃሉ መራ። ማን አሠለጠነው?

ሦስተኛ ወንበር፦
ፓርማ ኮንሰርቫቶሪ ነዋ! ቼሎ ብቻ ሳይሆን ድርሰትም ተምሯል። ደግሞም በዚያ ጉዞ ዘፋኞቹን ያለማምድ ስለነበር ነው ሥራውን በቃሉ የያዘው።

ቲምፓኒ፦
መሪነት አልተማረም ነው ያልኩት። ዱላ ድምፅ የለውም።

ቫዮላዋ፦
ወንድሜ፣ ይህችን ቃል ያዝካትና አልለቅ አልክ። እኔ ሁለት ዓመት መሪነት ተምሬ ወደ ቫዮላዬ የተመለስኩ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ የቤቶቨን 5ኛ ሲምፎኒ መክፈቻ ነበር። ሁሉም የሚያውቀው «ታታታ ታም» በድምፅ የሚጀምር ይመስላል፤ ኖታው ላይ ግን መጀመሪያ ያለችው የዕረፍት ምልክት ናት። ባለ ክር መሣሪያዎቹና ክላሪኔቶቹ እኩል የሚገቡት ከዚያች ዝምታ በኋላ ነው። እጄን አወረድኩ፤ ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ቀረ። መምህሬ «ከእጅሽ በፊት ተንፍሺ» አሉኝ። ፍጥነቱም ጉልበቱም ያለው ትንፋሹ ውስጥ ነው። ይኸው ነው ድምፅ የለውም የምትለው። ሰማንያ ሰው ባንድ ትንፋሽ ማስገባት ሳምንታት ፈጀብኝ፣ አሁንም በደንብ ቻልኩት አልልም።

ቲምፓኒ፦
እህቴ፣ ልፋትሽን አከብራለሁ። ግን አሜሪካዊው መሪ በርንስታይን ኖቬምበር 14 ቀን 1943 በ25 ዓመቱ በታመመው መሪ በብሩኖ ቫልተር ቦታ ሊመራ ካርኔጊ አዳራሽ ሲገባ አንድም ልምምድ አላደረገም። ኦርፌውስ የሚባለው የኒው ዮርክ ቻምበር ኦርኬስትራ ከ1972 ጀምሮ ያለ መሪ ይጫወታል። ሞስኮ ላይ ፔርሲምፋንስ የተባለው ኦርኬስትራ ከ1922 እስከ 1932 ያለ መሪ ሠርቷል።

ሦስተኛ ወንበር፦
በርንስታይን ከርቲስ በተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከመሪው ፍሪትዝ ራይነር፣ ታንግልውድ በተባለው የበጋ ማሠልጠኛ ከመሪው ኩሴቪትስኪ ተምሮ ነው ረዳት መሪ የሆነው። የረዳት ሥራ ደግሞ ዋናው ቢታመም ኖታውን አጥንቶ መጠበቅ ነው። ልምምድ አላደረገም ማለት አልተዘጋጀም ማለት አይደለም። ኦርፌውስ ደግሞ መሪነቱን በአባላቱ መካከል በየተራ አዳረሰው እንጂ አላጠፋውም። እስኪ የማህለርን ግዙፍ ሲምፎኒ እንዲያ ተጫወቱት!

የድሮው አዳማጭ፦
ልጆች፣ ሁላችሁም ዋናውን ሳታችሁ። ታላቁ መሪ ሶልቲ በቡዳፔስት ኦፔራ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ዘፋኝ ሲያለማምድ ዓመታት ቆይቷል። ሌላው ታላቅ መሪ ካራያን በ1929 የመጀመሪያ ሥራውን የያዘው ኡልም በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ትሳሳታለህ፣ ታፍራለህ፣ ትማራለህ። በዚያው ቺካጎ ሶልቲ በ1969 ሲመጣ ሃምሳውን አጋምሶ ነበር። ልጁ ማኬላ ግን ከ2027 ጀምሮ ቺካጎንም የአምስተርዳሙን ኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራንም ሊይዝ ነው። አውሮፕላን ላይ እያደረ ተጫዋቾቹን መቼ ሊያውቃቸው ነው?

ሦስተኛ ወንበር፦
ጋሼ፣ ያከበርኩዎት ነኝ፤ ግን ማኬላ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የመሪነት መምህሩ ዮርማ ፓኑላ ዘንድ ተምሯል። በ28 ሲመረጥ የ16 ዓመት ሥልጠና አለው። እንደ ሳሎኔንና ኦራሞ ያሉ ዝነኛ መሪዎችን ያፈሩት እኚሁ ሰው ናቸው።

ቫዮላዋ፦
ፓኑላን እንደ ቅዱስ አታንሷቸው! 2014 ላይ ሴት መሪዎችን በአደባባይ ያጣጣሉ ሰው ናቸው።

ሦስተኛ ወንበር፦
ስለ ትምህርታቸው ነው ያወራሁት፣ ስለ አስተያየታቸው አይደለም።

ቫዮላዋ፦
አይነጣጠልም። የሚመርጥህ መምህርህ ነው፣ የሚያስተዋውቅህም እሱ ነው። በሩ ላይ የቆመው እንዲህ ሲያስብ ስንት ሴት ገና ከደጅ ትመለሳለች? ማሪን አልሶፕ በ2005 ለባልቲሞር ሲምፎኒ መሪነት ስትመረጥ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ፍለጋው ይቀጥል ብለው ነበር። እሷ ግን ከ2007 እስከ 2021 መርታቸዋለች።

የድሮው አዳማጭ፦
ልጄ፣ እሷ ላይ አንቺ ትክክል ነሽ። ሁለት ኦርኬስትራ ባንዴ መያዙን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ቲምፓኒ፦
እኔንም ማንም አልመለሰልኝም። ዱላ ድምፅ የለውም።

ቫዮላዋ፦
ዝነኛው መሪ ቡሌዝ ዕድሜ ልኩን ዱላ ሳይዝ በባዶ እጁ ነው የመራው። ዱላውን እርሳውና ስለ ሰውየው ጆሮ አውራ። በልምምድ መሃል አስቁሞ «ሁለተኛዋ ኦቦ፣ ፋዋ ዲየዝ ናት፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ በይ» የሚለውን ሰው አጠገቡ ተቀምጠህ ታውቃለህ? እኔ ተቀምጫለሁ።

ቲምፓኒ፦
ኦቦዋ ራሷ አትሰማም እንዴ?

ቫዮላዋ፦
ከኋላዋ ትራምፔት እየጮኸ? አትሰማም!