የተዋጣው ገንዘብ ለቤተ መጻሕፍቱ ወይስ ለማጠናከሪያ ትምህርት?

ጥያቄ፦
በአንድ የወረዳ ከተማ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት አባል ነኝ። ዘንድሮ ወላጆች ያዋጡትን ገንዘብ በምን ላይ እንደምናውለው መስማማት አቅቶናል፤ አብዛኛው ለ12ኛ ክፍል የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ይሁን ሲል፣ እኔና ጥቂት ሰዎች ቤተ መጻሕፍቱ ይጠናከር እንላለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ወላጁ ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ፈተናው ነውና፣ ሐሳባችን እንደ ቅንጦት ተቆጥሮብናል። ለመሆኑ ቤተ መጻሕፍት የተማሪን ውጤት ያሻሽላል?

ምላሽ 1፦
የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ በአማርኛ ስጠይቃቸው የሚመልሱትን ጥያቄ በወረቀት ላይ ሲያገኙት አንብበው አይረዱትም። ችግሩ የሚጀምረው ደግሞ ከታች ነው፤ በ2002 ዓ.ም. በተወሰኑ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ለዓመታት ሳያነብ የቆየን ልጅ ጥቂት ቅዳሜዎች አይክሱትም። እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ምላሽ 2፦
ለስድስት ዓመታት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርሁ። መምህሩ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡን መጽሐፍ ገዝታችሁበት ብቻ ብታቆሙ ከቁም ሣጥን አያልፍም። መጻሕፍቱን በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ አድርጌ በስሜ ስለተረከብሁ፣ የጠፋው ሁሉ ከደመወዜ ይቆረጥ ነበር፤ ስለዚህ ደህና ደህናውን ቆልፌ አስቀምጥ እንደነበር ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ልጆቹ የሚያገኙት እዚያው ተቀምጠው የሚያዩትን የመማሪያ መጽሐፍ ብቻ ነበር፣ እርሱንም በትምህርት ሰዓት። በኋላ ኅብረቱ የጠፋ መጽሐፍ እንዲተካ በቃለ ጉባኤ ሲወስን ማዋስ ጀመርሁ። መጀመሪያ የወሰደችው የ9ኛ ክፍል ልጅ አንዲት ቀጭን የተረት መጽሐፍ ነበር ፈርማ የተዋሰችው፤ በሳምንቱ ስትመልሰው እንደ ደብተሯ በጋዜጣ ለብዳው፣ ገጹ አንድም ሳይታጠፍ መጣች። ቤት ውስጥ ታናናሾቿ ሁሉ ተቀባብለው እንዳነበቡት ነገረችኝ። ዓመቱ ሲያልቅ የጠፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ምላሽ 3፦
ስለ ግዢው አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ በልገሳ የሚመጡ ወፋፍራም የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መደርደሪያውን ይሞሉታል እንጂ ለጀማሪ አንባቢ አይሆኑም። የሕፃናትን ንባብ ለማስፋፋት የሠሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አዲስ አበባ ውስጥ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ሲከፍቱም፣ በሐዋሳ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ ሲያዞሩም፣ ልጆች በሚያውቁት ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት እንዲኖሩ ብዙ ደክመዋል። እናንተም ከቀላል አማርኛና ከቀላል እንግሊዝኛ ጀምሩ፤ የተረፈው ገንዘብ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሩን ከፍቶ ለሚቀመጥ ሰው አበል ይሁን።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእኛም ሠራተኛ ለምን እንደማያውሱ አሁን ገባኝ፤ ሰውየውን ያለ በደላቸው ስወቅሳቸው ከርሜአለሁ። ለፊታችን ስብሰባ የጠፋ መጽሐፍ የሚተካበትን ሐሳብ በቅድሚያ በአጀንዳ አስይዛለሁ፤ እርሳቸውም ተገኝተው እንዲናገሩ እጠይቃለሁ።