አከራዬ ውል አላስመዘግብም አለ፤ ምን ላድርግ?

ማሂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ኪራዩ 9,000 ብር ነው። ባለፈው ሳምንት አከራዬ «ከመጪው ወር 14,000፣ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈይ፤ ካልሆነ ልቀቂ» አለኝ። ውላችን የቃል ነው። «ወረዳ ሄደን እናስመዝግብ» ስለው «ግብር ልታመጪብኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ልጆቼ የሚማሩት እዚሁ ሰፈር ነው። በዓመቱ አጋማሽ ወዴት ልሂድ?

ሕግ አጥኚ፦ እህቴ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለልሽ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያሳውቀው ልክ ነው። ኪራዩን በባንክ ነው የምትከፍዪው?

ማሂ፦ አዎ፣ ሁሌም በሞባይል ባንኪንግ።

ሕግ አጥኚ፦ ተመስገን! ስቴትመንቱን አሳትሚና ከአቤቱታሽ ጋር አያይዢ።

አከራይ ነኝ፦ ልጄ፣ እኔ ውሌን አስመዝግቤያለሁ። ስድስት ወር ቅድሚያ መጠየቁ ልክ አይደለም። ግን የእኛንም ስጋት እዩልን። የጣሪያና ግድግዳ ግብር በ2015 ጨምሯል፤ የጥገና ዕቃ በየወሩ ይንራል። በዕድሜ የገፋን ሰዎች 1967ትንም አንረሳም። ደርግ ትርፍ ቤት ወርሶ ኪራይ ቀነሰ። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ ሄዱ። ተከራዩ ለጊዜው ተጠቀመ፤ ስንቱ ቤት ግን ጣሪያውን የሚያድስለት አጥቶ አረጀ። መንግሥት የጭማሪ ጣሪያ ሲያወጣ የጥገናውንም ወጪ ያስብ።

የመሀል ከተማ ልጅ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ዋናው ችግር የቤት እጥረቱ ነው፤ ቤት ካልተሠራ አዋጅ ብቻውን አያዛልቅም። ማሂ፣ እኔ የቀበሌ ቤት ውስጥ ደባል ነበርኩ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ውል የያዙት ምትክ ቤት ተሰጣቸው። እኔ ስምንት ዓመት ኖሬ አንዲት ወረቀት አልነበረኝም፤ የሰማኝም የለም። ስለዚህ በቃል ብቻ አትለማመጪ። አቤቱታሽን በጽሑፍ ለወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት አስገቢ፤ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርጊ። ወረዳው ነዋሪውን ለስብሰባ ሲጠራም ሂጂ። እዚያ ስለ ኪራይ የሚናገረው ባለቤት ብቻ ሲሆን አይቻለሁ።

ማሂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ አስገባሁ፤ የመዝገብ ቁጥር ሰጥተውኛል። አከራዬንም ማክሰኞ ይጠሩታል። እስከዚያው የዚህን ወር 9,000 በባንክ ልኬለታለሁ።