ዘጌን በግማሽ ቀን ጨርሶ ጢስ አባይ መሄድ ይቻላል?

የማርቆሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ከደብረ ማርቆስ ተነስተን ባህር ዳር ልንሄድ ነው፣ እማዬ በጣና ሐይቅ ያሉትን የዘጌን ገዳማት መሳለም ነው ምኞቷ፣ ልጆቹ ደግሞ ጉማሬ ጉማሬ እያሉ መቆሚያ አሳጥተውኛል። አንዳንዱ ጠዋት ዘጌ ከሰዓት ጢስ አባይ ይለኛል፣ ይሄ ይሆናል? እማዬን ጉልበቷን ያማታል። ሴት የማይገባበትስ የትኛው ነው?

ጣና ዳር፦
እህቴ አይሆንም፣ እናትሽንም ታደክሚያቸዋለሽ። ጢስ አባይ ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ጥቅምት ላይ ነው የሚያምረው፣ በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ፏፏቴው ይሳሳል። ቅዳሜን ሙሉ ለዘጌ ስጡት። ሴት የማይገባው ክብራን ገብርኤል ነው፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ትገባላችሁ። ከጀልባ ወርዳችሁ ዑራ እስክትደርሱ ዳገት ስላለ ምርኩዝ ይያዙ፣ ደግሞ የካቲት 16 ንግሥ ስለሆነ ሰዉ አያድርስ ነው፣ ለጉልበት ሕመምተኛ ሌላ ቀን ይሻላል።
ጉማሬው እሁድ ማለዳ፣ አባይ ከጣና የሚወጣበት ደብረ ማርያም አካባቢ። ጀልባ ነጂው እንዳይጠጋ አደራ በሉት፣ ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል፣ በታንኳማ በፍጹም እንዳትሞክሩት።

የዘጌ ልጅ፦
ጣና ዳር ልክ ነው፣ እኔ የምለምናችሁ ግን ቤተክርስቲያኑን ብቻ አይታችሁ ወደ ጀልባ እንዳትሮጡ፣ ጫካውም እኮ የገዳሙ ነው! ጣናን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ቦታ) ብሎ መዘገበው፣ ዘጌን ግን ከዚያ በፊት ስንት ዘመን የጠበቀው የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ በበሬ ማረስ ክልክል፣ ከብት ማርባት ክልክል፣ ሰዉ በቡናና በጌሾ ነው የሚኖረው፣ ለዛ ነው ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ እኛ ጋ ዛፍ የቀረው። ቡናው ትልልቁ ዛፍ ጥላ ስር ነው የሚበቅለው፣ ቀልቶ ከደረሳችሁ መንገዱ ዳር ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ታዩታላችሁ። ልጆቹ ቀና እያሉ ይሂዱ፣ ጦጣ አይጠፋም፣ ምንቃሩ ራሱን የሚያክል ወፍም አለ። ጦጣውን ግን ምግብ አትስጡት፣ ከለመደ ከሰው እጅ ይነጥቃል።

የማርቆሷ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በቃ ጢስ አባይን ለመስከረም አቆየነው። ጀልባው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ይገኛል?

ጣና ዳር፦
ጠዋት በጊዜ ወደቡ ላይ ድረሱ፣ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል፣ ለእናትሽ አይመችም። መንገዱንም ከመነሳታችሁ በፊት ባህር ዳር ላለ ሰው ደውላችሁ አጣሩ።