«ያለማው ዘበኛው ብቻ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

የጦሳ ልጅ፦ ትናንት ማታ የተለጠፈችውን ወግ አንብቤ ደሜ ፈላ። ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ባለሀብት ኮምቦልቻ ዳር ለዘይት መጭመቂያ መሬት ይወስዳል። አጥር ያጥራል። ከቀረጥ ነጻ ፒክ አፕ ያስገባል። ፒክ አፑ ሙሽራ ሲያመላልስ ይከርማል። ገምጋሚ ኮሚቴ ሲመጣ ዘበኛው ባዶው መጋዘን ውስጥ ጄኔሬተር ያስነሳል። ኮሚቴው ድምፁን ከደጅ ሰምቶ «ምርት ላይ ነው» ብሎ ይፈርምና ምሳ ይሄዳል። ዘበኛው ግቢው ውስጥ ማሽላ ይዘራል። መጨረሻዋ «በአምስት ዓመት መሬቱን ያለማው ዘበኛው ብቻ ነው» ይላል። ሳቃችሁ፣ እሺ። እዚህ አገር ጥሪቱን አፍስሶ ፋብሪካ የተከለ ሰው የለም?

ቦርከና፦ ሙሽራ ሲያመላልስ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ያውም ሪባን ታስሮበት። ወግ ነው ያለህ ማነው?

የጦሳ ልጅ፦ ወንድማለም፣ እኔን የነደደኝ «ብቻ» የምትለዋ ነች።

ቦርከና፦ በል «ብቻ»ን አውጥተህ አንብባት። «መሬቱን ያለማው ዘበኛው ነው»። ባሰችብህ!

እታለም ዘሐይቅ፦ 😂 ወላሂ ገደልከኝ።

አያ ጨዋታ፦ ልጆች፣ ቀልዱ ደህና ነው። ግን 2014ን ረሳችሁት? ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ ስንቱ ፋብሪካ ተዘረፈ። ወዲያው ደግሞ አገሪቱ ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነጻ ወደ አሜሪካ ከሚላክበት ዕድል፣ ወጣች። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ልጆቻችን ሥራ ያዙ ብለን እልል ያልነው እኛው ነን። ዛሬ ባዶ መጋዘን ያየ ሁሉ ባለቤቱን ሌባ ሲል ያሳዝናል።

ቦርከና፦ አያ፣ በአክብሮት። የተዘረፈው ሰው የሚዘረፍ ማሽን ነበረው። የወጉ ሰውዬ ምኑ ይዘረፋል? አጥሩ?

የጦሳ ልጅ፦ መብራትስ? ትራንስፎርመር ሲጠብቅ ሦስት ዓመት የከረመ ሰው አውቃለሁ። በየቢሮው ሲመላለስ ጫማው አለቀ። እሱም «ዘበኛው ብቻ» ሊባል ነው?

እታለም ዘሐይቅ፦ ያንተ ሰው በጫማ ነው የተመላለሰው። የወጉ ሰውዬ በፒክ አፕ። ልዩነቱ እሱ ነው።

ደረቅ ፋይል፦ ስሜቱን ትታችሁ ደንቡን ብታዩት። የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ስጦታ አይደለም። መንግሥት «ቀረጤን ልተውልህ፣ የገቢ ግብሬን ለጥቂት ዓመት ልተውልህ፣ አንተ ደግሞ ሥራ» ብሎ የገባው ውል ነው። በድሮው የማበረታቻ ደንብ 270/2005 ጊዜም ቢሆን ከቀረጥ ነጻ የገባ ዕቃ ያው መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል ነበረበት። ስለዚህ ፒክ አፕ ሙሽራ ሲያመላልስ የከረመው በእኔና በአንተ ገንዘብ ነው። የደጋሹን ወጪ ተጋርተናል።

ቦርከና፦ ተጋርተን እንኳ አልተጠራንም።

ደረቅ ፋይል፦ ደግሞ ሁላችሁም ባለሀብቱ ላይ ተረባረባችሁ። እኔ የገረመኝ ኮሚቴው ነው። ድምፅ ሰምቶ የሚፈርም ኮሚቴ! በር መክፈት ምን ያህል ይከብዳል? የጋምቤላ የእርሻ ብድር ጊዜ ያለቀስነው ይህንኑ አልነበረም? በወረቀት ትራክተር አለ፣ እርሻ አለ። ሄዶ ያየ ጠፋ።

የጦሳ ልጅ፦ አበል ይከፈላቸው፣ ገብተው ያያሉ።

ደረቅ ፋይል፦ ምሳውን ማን የከፈለ መሰለህ?

የጦሳ ልጅ፦ ወጉ ላይ አልተጻፈም።

እታለም ዘሐይቅ፦ አይ የኔ ሞኝ! 😂

ወግ ቀማሪው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንንም አልሰደብኩም። ስም አልጠራሁም። «እኔን ነው» ያለ ካለ ፒክ አፑን ይመልስ።

የጦሳ ልጅ፦ አንተ ግን ኮምቦልቻ ሄደህ ታውቃለህ? ባለጥሩ ሐሳብ ሰው ሁሉ ይህን አንብቦ «ወሎ ሄጄ ሳቅ ልሁን?» ቢል ትጠየቅበታለህ።

ወግ ቀማሪው፦ ያደግኩት እዚያ ነው። ያ አጥር ውስጥ ድሮ ኳስ እንጫወት ነበር። አሁን ኳሱም ዘይቱም የለም።

ቦርከና፦ ይቺን ወጉ ላይ ብትጨምራት ኖሮ!

አያ ጨዋታ፦ እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ማሽላ ነው ያልከው? ያ ሜዳ የጤፍ ነው።

ወግ ቀማሪው፦ አያ፣ ማሽላም ጤፍም ያበቅላል።

አያ ጨዋታ፦ ጤፍ ቢሆን ኖሮ ኮሚቴው ገብቶ ያየው ነበር።

ቦርከና፦ የደሴ ሰው ብርድ ላይ ተቀምጦ ስለ ማሽላ ሲከራከር ደስ ይለኛል።

የጦሳ ልጅ፦ ደሴን ምን አመጣት? ጀመራችሁ!

ደረቅ ፋይል፦ ወደ ቁም ነገሩ። ሰውዬው ካላለማ መሬቱ ይነጠቅ፣ መሬት ባንክ ይግባ፣ ለሌላ አልሚ ይቀመጥ። አለቀ።

እታለም ዘሐይቅ፦ ዘበኛውስ? የዘራው ማሽላ?

ደረቅ ፋይል፦ በሕግ የይዞታ መብት የለውም።

ቦርከና፦ ጉድ ነው! አጥሮ የተቀመጠው በፒክ አፑ ይሄዳል፣ የዘራው በባዶ እጁ?

የጦሳ ልጅ፦ እዚህ ላይ ከቦርከና ጋር ነኝ። ግን «ብቻ»ው ይውጣ።

ወግ ቀማሪው፦ አይወጣም።