ቡታጅራ ውስጥ ካሉት ሁለት የመንግሥት ቅድመ አንደኛ ደረጃዎች የትኛው ይሻላል?

ጠያቂ፦
በሥራ ዝውውር ምክንያት ወደ ቡታጅራ የምንገባ ሲሆን፣ ልጃችን ለመስከረም 5 ዓመት ይሞላታል። የግል መዋዕለ ሕፃናት ክፍያ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን አይተናል። አንደኛው ከምንከራየው ቤት አጠገብ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ አንድ የዜሮ ክፍል ነው። ሁለተኛው ከዋናው መንገድ ማዶ ሲሆን፣ ሕፃናቱ የራሳቸው ግቢ አላቸው፤ ትምህርቱም የሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ልጆቹ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በቃላቸው ሲወጡት ሰምተናል፤ በሁለተኛው ግን ሲጫወቱ ነው ያገኘናቸው። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ወድዶታል፤ እኔ ግን አልቆረጠልኝም። በምን ባመዛዝናቸው ይሻላል?

ጡረታ የወጣሁ መምህር፦
እህቴ፣ በቃል መውጣቱ አያታልልዎት። ሕፃን ዜማ ካገኘ ሁሉንም ይይዛል፤ በቄስ ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች፣ በዜማ ያንበለበልነውን ፊደል የኔታ ከመሀል አንዱን ነጥለው ሲጠይቁን እንዴት እንደምንደናገጥ እናስታውሳለን። ይልቅ ዋናው ነገር የዓመቱ ጉዳይ ነው። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የፖሊሲ ማዕቀፍ ዜሮ ክፍልን ያሰበው አንደኛ ክፍል ሊገቡ አንድ ዓመት ለቀራቸው የ6 ዓመት ልጆች ነበር። አሁን ያለው ሥርዓተ ትምህርት ግን ቅድመ አንደኛን የ5 እና የ6 ዓመት ልጆች የሚማሩበት የሁለት ዓመት ትምህርት ስላደረገው፣ ክፍሉ አንድ ብቻ የሆነ ትምህርት ቤት ልጅዎን ከታላላቆቿ ጋር ቀላቅሎ ያስቀምጣት እንደሆነ፣ በከርሞውም ያንኑ ይደግምላት እንደሆነ ርእሰ መምህሩን ይጠይቁ። መምህርቷ ለሕፃናት ትምህርት የሠለጠኑ ናቸው ወይስ ከላይኛው ክፍል ተዛውረው የመጡ? በአንድ ክፍል ስንት ልጅ አለ? ይህንንም ሳይነግሩ፣ በአዘቦት ቀን ከዕረፍት በኋላ ሄደው ይመልከቱ፤ ለእንግዳ የተዘጋጀ ክፍል ሁሉም ያምራል።

የአንድ ተማሪ አባት፦
መምህሩ ያሉት ልክ ነው፤ ግን መጸዳጃ ቤቱን አልጠቀሱትም። የእኔ ልጅ የተማረበት ቦታ መጸዳጃው ለትልልቆቹ የተሠራ ስለነበር ጉድጓዱን ፈርቶ፣ እስከ ቤት ድረስ ይዞ እየመጣ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተሠቃይቷል፤ እኛም ምክንያቱን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ውኃ መኖሩን፣ ወንበሩ እግራቸውን መሬት የሚያስነካ መሆኑንም ይዩ። መንገዱን ደግሞ አቅልለው አይመልከቱት፤ በገበያ ቀን ባጃጁና የጭነት መኪናው አዋቂንም ያስጨንቃል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሳልናገር ሄጄ ነበር። በአቅራቢያችን ያለው የ5 እና የ6 ዓመቶቹን በአንድ ላይ እንደሚያስተምርና በከርሞውም ትምህርቱ ያው እንደሚሆን መምህርቷ ራሳቸው በግልጽ ነገሩኝ። ማዶ ባለው፣ ጨዋታ የመሰለኝ ነገር በጠርሙስ ክዳን መቁጠርና የሰሙትን ተረት መልሶ መናገር ኖሯል። ባለቤቴ ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ ያሻግራታል፤ የቀትሩን ግን ገና መላ አላበጀንለትም። በዚያ ሰፈር ልጆች በኅብረት የሚመልስ ሰው የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።